ምስለኔ፣ እንደራሴ፣ ወኪል

ቃል እንደ ባቄላ እሸት ነው፤ ሲፈለፍሉት ፍሬው ይወጣል። እርስዎም ፊደል ቆጥረው ማንበብ ከጀመሩ ወዲህ ይህን ሳያዩት አልቀሩም። ዛሬ ሦስት ቃላት አብረን እንፈልፍል። ሦስቱም ስለ አንድ ዓይነት ሰው ይናገራሉ። በሌላ ሰው ቦታ ስለሚቆም ሰው ነው።

መጀመሪያ «ምስለኔ»ን እንውሰድ። ቃሉን ለሁለት ከፍለን ስንጽፈው «ምስለ» እና «እኔ» ይሆናል። እኔን የመሰለ፣ የእኔ ምስል ማለት ነው። ታዲያ ይህ «እኔ» የሚለው ማን ነው? ገበሬው እንዳይመስልዎት! «እኔ» ባዩ ጌታው ነው። ገዥው ወይም ባለ ጉልቱ ራቅ ብሎ በከተማ ወይም በቤተ መንግሥት ይኖራል። በአገሩ ላይ ግን የእርሱን ምስል ያስቀምጣል። ምስለኔው እህሉንና ማሩን ይሰበስባል፤ ነገር ይሰማል፤ ይፈርዳል፤ ሰው ለሥራ ያዛል። በኋላም የምክትል ወረዳ ሹም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ብዙ ገባር ጌታውን በዓይኑ ሳያይ ኖሮ ሞቷል፤ የሚያውቀው ምስለኔውን ብቻ ነው። ቢበድለውም ሊሽረው አይችልም፤ እርሱ አልሾመውምና። ጉልት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የጭሰኛንና የባለ መሬትን ግንኙነት አፈረሰ። ቃሉ ዛሬ የሚሰማው ከሽማግሌዎች አፍ ነው። ቤትዎ ሽማግሌ ካሉ ይጠይቋቸው፤ እኔ ከጻፍሁት የበለጠ ይነግርዎታል።

ሁለተኛው «እንደራሴ» ነው። ይህም «እንደ» እና «ራሴ» ነው። እዚህም ተናጋሪው ላኪው ነው፤ «ይህን ሰው እንደ ራሴ ቁጠሩት» ይላል። ልጅ ኢያሱ ገና ልጅ ሳሉ ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆነው መንግሥቱን ይጠብቁ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ ደግሞ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ቃሉ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ «የሕዝብ እንደራሴ» መባል የጀመረው ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ «ራሴ» የሚለው ሕዝቡ ሆነ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ቃሉ እንዳለ ሆኖ ባለቤቱ ተለወጠ።

ሦስተኛው ለእርስዎ ኪስና ጎተራ የሚቀርበው «ወኪል» ነው። የሚልከው ሰው ወካይ ይባላል፤ የሚላከው ተወካይ ወይም ወኪል ነው፤ ሥልጣኑ ውክልና ይባላል። ወኪል የሚሠራው በእርስዎ ስም ነው። እርሱ በተሰጠው ሥልጣን ልክ ከተዋዋለ እርስዎ እንደተዋዋሉ ይቆጠራል። ገንዘቡ የእርስዎ ነው፤ ዕዳውም የእርስዎ ነው።

ከእኛ ጋር ማታ ማታ የሚማሩ አንድ አባት አሉ። በከተማ ከእናታቸው የተላለፈላቸው አንዲት ቤት አለቻቸው። ሌላ ሰው ቤቷ የእኔ ናት ብሎ ከሰሳቸው። እርሻ ጥለው መመላለስ ስላልቻሉ ከተማ የሚኖረውን ታናሽ ወንድማቸውን ወከሉት። ወረቀቱን ያጻፉት ገና ማንበብ ሳይችሉ ነው፤ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። በኋላ ማንበብ ሲጀምሩ ያንኑ ወረቀት ይዘው መጡና «እስቲ ጣቴን ያሳረፍሁበትን ላንብበው» አሉ።

እየተንተባተቡ አነበቡ። ወረቀቱ «በጠቅላላ ጉዳዬ ሁሉ ወክዬዋለሁ» ይላል እንጂ ስለ ክሱ አንድም ቃል የለበትም። እሳቸው «ሁሉ ካለ ክሱም አለበት» አሉ። አንባቢዬም እንዲሁ ሳይሉ አይቀሩም። እኔም ሕጉን እስካይ ድረስ እንደዚያው ነበር የመሰለኝ።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሌላ ይላል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል። የአስተዳደር ሥራ ማለት ንብረትን መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ለእርስዎ የሚከፈለውን ገንዘብ መቀበል፣ የእርስዎን ዕዳ መክፈል ነው። የእርሻ ሰብል መሸጥም ከዚሁ ይቆጠራል። ቤት መሸጥ ወይም በመያዣ መስጠት፣ ስጦታ ማድረግ፣ መታረቅ፣ መክሰስና ለክስ መልስ መስጠት ግን ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ጉዳዩ በስሙ ተጠርቶ መጻፍ አለበት።

እንግዲህ የእኒያን አባት ነገር ይመልከቱት። ወንድማቸው በዚያ ወረቀት ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊከራከርላቸው አይችልም። ጤፋቸውን ግን ሊሸጠው ይችላል! የፈለጉት አልተጻፈም፤ ያላሰቡት ግን ገባበት። ወንድምየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ጤፉንም አልነካም። ግን ወረቀት የሰውን ደግነት አያይም።

ሰውዬው ደንግጠው «አሁን ታሰርሁ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። አልታሰሩም። ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን ይሽራል። «አልሽርህም» ብሎ አስቀድሞ ቢፈርም እንኳ ያ ቃል አይጸናም። ሲሽሩ ግን ወረቀቱን ይቀበሉ፤ ወኪሉ ይገናኛቸው ለነበሩት ሰዎችም ይንገሩ። መሻሩን ያልሰማ ሰው ቀድሞ በሚያውቀው ወረቀት አምኖ ቢዋዋል ጣጣው ወደ እርስዎ ሊመጣ ይችላል። ወኪልዎ የሠራበትን ሒሳብ የማቅረብ ግዴታም አለበት፤ ወንድም ነው ብለው አይፈሩ፣ ይጠይቁት። በመሠረቱም እርስዎ ሳይፈቅዱለት በራሱ ቦታ ሌላ ሰው መተካት የለበትም። በወንፈል ቀን አባት ታሞ ልጁን ቢልክ ማንም አይከፋም፤ ጉልበት በጉልበት ይተካል። እምነት ግን እንደዚያ አይደለም፤ እርስዎ ያመኑት ወንድምዎን እንጂ የወንድምዎን ጓደኛ አይደለም።

ስለ ዋስም አንድ ነገር ልጨምር፤ በክፍላችን ብዙ ሰው ከወኪል ጋር ያደባልቀዋልና። ዋስም ስለ ሌላ ሰው ይቆማል። ነገር ግን ወኪል ሲልኩ የራስዎን ጉዳይ ነው የሚልኩት፤ ዋስ ሲሆኑ የሌላው ዕዳ ነው ወደ ቤትዎ የሚመጣው። «ለምስክርነት ነው፣ እዚህ ላይ ፈርም» ቢባሉ ከፊርማው በላይ ያለውን ቃል ይፈልጉት። «እማኝ» ወይም «ምስክር» ነው? ወይስ «ዋስ»? ዋስ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ በቀላሉ ያልፋል።

እኒያ አባት ባለፈው ሳምንት የድሮውን ወረቀት ሽረው አዲስ አጻፉ። የቤቷን ቦታ፣ የከሳሹን ስም፣ ወንድማቸው ለክሱ መልስ እንዲሰጥና እንዲከራከር ብቻ አስጻፉ። ጸሐፊው «ይፈርሙ» ሲላቸው «ቆይ፣ ላንብበው» አሉ። ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ፊደል በፊደል አነበቡ። መጨረሻ ላይ «ወዘተ.» የምትል ቃል አገኙ።

«ይህቺ ምንድን ናት?» አሉ።

«እንዲያው የአጻጻፍ ልማድ ናት፤ ‹እና የቀረውም ሁሉ› ማለት ነው።»

«የቀረማ የለም። ይሰረዝልኝ።»

ጸሐፊው ሰረዘው። እሳቸውም ስማቸውን በራሳቸው እጅ ጻፉበት።