ዲሲ ዴይኬር ውስጥ ለምትሠሩ፦ ስለ ደመወዝ ማስተካከያው ፈንድ

ዲሲ ውስጥ አንዲት መምህርት ብቻዋን ከአራት በላይ ጨቅላ መያዝ አይፈቀድላትም። ስለዚህ የእሷ ደመወዝ፣ የዴይኬሩ ቤት ኪራይ፣ ኢንሹራንሱ ሁሉ የሚወጣው ከአራት ወላጆች ክፍያ ነው። ወላጅ አሁን ከሚከፍለው በላይ መክፈል አይችልም፤ ደመወዟም ከፍ አይልም። የሰለጠነች ሠራተኛ ሥራውን እየወደደችው የምትለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ነዋሪዎች ላይ ግብር ጨምሮ ይህን የደመወዝ ክፍተት የሚሞላ ፈንድ አቋቋመ። መጀመሪያ ላይ ገንዘቡ በቀጥታ ለሠራተኛው ይሰጥ ነበር፤ ለሙሉ ጊዜ ረዳት መምህርት እስከ 10,000፣ ለዋና መምህርት እስከ 14,000 ዶላር። በኋላ ግን በአሠሪው በኩል፣ ከደመወዝ ጋር እንዲከፈል ተደረገ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ዴይኬሩ ዝቅተኛውን የደመወዝ እርከን ለመክፈል ካልፈረመ ገንዘቡ አይደርሳችሁም። እርከኑ ደግሞ በትምህርት ደረጃ ይለያያል። ለምሳሌ ሲዲኤ የሚባለው የሕፃናት እንክብካቤ የምስክር ወረቀት 120 ሰዓት ሥልጠናና 480 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ብዙዎቻችሁ ልምዱን ከሞላችሁ ቆይታችኋል። ከተማዋም የትምህርት ስኮላርሺፕ አላት።

ፈንዱ እ.ኤ.አ. በ2024 ከበጀት ሊሰረዝ ታስቦ ምክር ቤቱ ነው ያተረፈው። የበጀት ውይይት ሲኖር ሄዳችሁ ተናገሩ፣ እባካችሁ። አሠሪያችሁንም «ፈርመናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።