ያውቁ ኖሯል? ጭምብልና ሕግ በወላይታ ሶዶ

በሶዶ ጎዳናዎች ፊትን ሸፍኖ መሄድ ብቻውን ወንጀል እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ጭምብል ማጥለቅን ራሱን የቻለ ጥፋት አላደረገም። ወንጀሉ ማስፈራራቱ ነው። አንቀጽ 580 በከባድ ጉዳት ዝቶ ሰውን ያሸበረን እስከ 500 ብር መቀጮ ወይም እስከ ስድስት ወር ቀላል እስራት ይቀጣል። ማንነቱን ሰውሮ ለሚዝት ሰው ይህ እጅግ ያንሳል፤ ተጎጂው ማንን እንደሚከስ እንኳ አያውቅምና። በሌሊት ወይም በመሣሪያ ከተፈጸመ ግን አንቀጽ 84 ቅጣቱን ያከብደዋል።

በአንጻሩ የአሜሪካዋ ኒውዮርክ ግዛት ጭምብልን የከለከለችው በ1845 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ጭሰኞች ፊታቸውን ሸፍነው የፍርድ አስፈጻሚዎችን ስላስፈራሩ። ሕጉን የሻረችው በ2020 እ.ኤ.አ.፣ በኮሮና ወቅት ነው። ኢትዮጵያም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሥር አፍና አፍንጫን በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች መሸፈንን ግዴታ አደረገች፤ ሶዶም ጭምር።

ወደ አንቀጽ 580 ስንመለስ፣ ዛቻ የሚያስከስሰው የተዛተበት ሰው አቤቱታ ሲያቀርብ ነው። ስለዚህ ፊቱን ባያዩት እንኳ የሰሙትን ድምፅ፣ የለበሰውን ልብስ፣ ሰዓቱንና ቦታውን መዝግበው ለፖሊስ ያመልክቱ።