የውሎ አበሉን ማን ይክፈል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ጆሮው ይደፈናል። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይወርዳልና። ለኳስ ተጫዋች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የደሴ ልጅ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ሲጫወት ሙቀቱ ያዝለዋል፤ የኮምቦልቻ ልጅ ሆጤ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያም ሆኖ በሁለቱ ከተሞች መካከል ተጠራርቶ መጋጠም አይከብድም። ጠዋት ወጥቶ፣ ተጫውቶ፣ ማታ እቤት መግባት ይቻላል።

ይህችን «ማታ እቤት መግባት» አጥብቀን እንያት። ለተጫዋቹ ደመወዝ የማይከፍል ክለብ፣ አማተር የምንለው ማለት ነው፣ በሰፈሩ ሜዳ ላይ ብቻ ብዙ ዓመት አይዘልቅም። ልጆቹን አንድ የሚያደርጋቸው አብረው መንገድ መውጣታቸው፣ ከአንድ ሳህን መብላታቸው፣ በሰው አገር ተሸንፈው እየዘፈኑ መመለሳቸው ነው። ግን መንገድ የወጣ ሰው ከሥራው ይቀራል። የመንግሥት ሠራተኛ ለሥራ ከከተማው ሲወጣ ውሎ አበል ይቆረጥለታል፤ ለኳስ ለወጣው የልብስ ሰፊ ረዳት ግን የዕለት ገቢው ሲቀርበት ማን ይተካለት? የአማተር ክለቦች ታሪክ በአመዛኙ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው ከሁሉ አብልጦ የጎላው በእኛ ዘንድ እምብዛም ባልተለመደው በራግቢ ነው፤ የእንቁላል ቅርጽ ያለውን ኳስ በእጅ ይዘው በሚሮጡበት፣ በእንግሊዝ በተወለደው ጨዋታ። እ.ኤ.አ. በ1888 ከብሪታንያ የተውጣጣ ቡድን በመርከብ ወደ ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ሄዶ 35 የራግቢ ግጥሚያዎች አደረገ። ከተጓዦቹ አንዱ ጃክ ክላውስ ይባላል፤ የመጣው ሃሊፋክስ ከምትባል የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነው። ለጉዞ ልብስና ዕቃ መግዣ 15 ፓውንድ ተቀብሎ ነበር። የእንግሊዝ ራግቢ ማኅበር ይህን ሲሰማ «ገንዘብ ከተቀበልክ ፕሮፌሽናል ነህ» ብሎ አገደው። ክላውስ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ አንድም የራግቢ ጨዋታ ሳይጫወት ተመለሰ።

ቅጣቱ የከበደው ለምንድን ነው? የማኅበሩ መሪዎች ባመዛኙ ከደቡብ እንግሊዝ የመጡ ባለጸጎችና የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ቢቀሩ የሚጎድልባቸው የለም። የሰሜኑ ተጫዋች ግን የማዕድን ቆፋሪና የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በዚያ ዘመን ቅዳሜም የሥራ ቀን ነው። የሰሜን ክለቦች የጠየቁት ደመወዝ ሳይሆን የቀረችው ቀን ሂሳብ እንዲተካ ብቻ ነበር። በ1893 ጉዳዩ ለድምፅ ቀርቦ 282 ለ136 ተሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1895፣ የሰሜኖቹ ክለቦች ሃደርስፊልድ በሚገኝ ሆቴል ተሰብስበው ተለዩ። ራግቢ እስከ ዛሬ ለሁለት የተከፈለ ጨዋታ ሆኖ የቀረው በአንዲት ቀን ደመወዝ ምክንያት ነው። በማኅበሩ ሥር የቀረው ወገን ክፍያን በይፋ የፈቀደው ልክ ከ100 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1995 ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ መልስ ያገኘ ክለብም አለ። በ1890 ፐርሲ ካርፕሜል የተባለ ተጫዋች ባርባሪያንስን መሠረተ። ክለቡ ሜዳ የለውም፣ የክለብ ቤት የለውም፤ ሰው የሚገባበት በግብዣ ነው፣ የሚኖረውም በጉዞ። ጥቁርና ነጭ ማሊያ ይለብሳሉ፤ ካልሲው ግን እያንዳንዱ ከመጣበት ክለብ ያመጣው ነው። ለጉዞ የመረጡት ጊዜ ደግሞ ፋሲካ ነበር። ከ1901 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት በስቅለት ቀን ወደ ደቡብ ዌልስ ወርደው ከፔናርዝ፣ ከካርዲፍ፣ ከስዋንሲና ከኒውፖርት ጋር ይጋጠሙ ነበር። ከሥራ መቅረት ብዙም አያስፈልግም፤ በዓል ነውና። ራግቢ ሙያ በሆነ ማግስት ይህ የፋሲካ ጉዞ ማብቃቱ ያሳዝናል፤ ግን አይገርምም።

ወደ እኛ ስንመጣ መልሱን የሰጡት ፋብሪካውና ጦሩ ናቸው። የድሮ ክለቦቻችንን ስም መስማት ይበቃል፤ ኮተን፣ ሲሚንቶ፣ መብራት ኃይል፣ ቴሌ፣ መቻል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው ብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ አስመራ ውስጥ የባቡር መካኒክ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ ለድሬዳዋው ኮተንም ተጫውቷል። ተጫዋቹ የፋብሪካው ሠራተኛ ስለሆነ፣ ለጨዋታ ሲሄድ ደመወዙ አይቆረጥም፤ መኪናውም የድርጅቱ ነው። ሃሊፋክስ ለምና ያጣችውን ድሬዳዋ ያለ ክርክር አገኘችው። ጉድለቱ አንድ ነው፦ የክለቡ ዕድሜ በፋብሪካው ዕድሜና በአለቃው ፍላጎት ይለካል። ኮተን የዋንጫ ባለቤት የነበረ ስም ነው፤ ዛሬ ግን ከአረጋውያን አፍ ካልሆነ በቀር የምንሰማበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ለባርባሪያንስ ከሁሉ የሚቀርበውን የኢትዮጵያውያን ጉዞ ያገኘሁት ባሕር ማዶ ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ተቋቋመ። ቋሚ ሜዳ የለውም፤ ውድድሩ አንድ ዓመት ዳላስ፣ ሌላ ዓመት ሲያትል፣ ሌላ ጊዜ አትላንታ ነው። ከየከተማው የሚመጡት ቡድኖች ተጫዋቾች የታክሲ ሹፌር፣ ነርስ፣ ተማሪ፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። በአሜሪካ አሠሪ የተከፈለበት ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ስለዚህ ሳምንቱ የተመረጠው የሐምሌ 4ን የነፃነት በዓል አስታኮ ነው። የዌልሱ ፋሲካና የአሜሪካው ሐምሌ አንድ ዓይነት ብልሃት ናቸው፦ ቀኑን የሚከፍል ካልተገኘ፣ ያልተሸጠ ቀን ፈልግ።

የገንዘቡ ጥያቄ ግን እዚያም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከስፖንሰርና ከፖለቲካ ጋር በተያያዘ ክፍፍል፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ዝግጅት ተካሄደ፤ የነባሩ ፌዴሬሽን በዳላስ፣ የተገነጠለው አዲሱ ወገን ደግሞ በዋሽንግተን። የነባሩ ጉዞ ግን ከዚያ በኋላም አልተቋረጠም። ምክንያቱ ዋንጫው አይመስለኝም። ለ20 ዓመት ያልተያየ አብሮ አደግ በዚያ ሳምንት ስታዲየም በር ላይ እንደሚገኝ ሁሉም ያውቃል፤ ኳሱ የቀጠሮው ሰበብ ነው።

ወደ ሐረጎ መንገድ ስንመለስ፣ ደሴ ከተማም ወሎ ኮምቦልቻም በከፍተኛ ሊግ ሲጫወቱ ያየናቸው፣ በጀትና ደመወዝ ያላቸው ክለቦች ናቸው። ለእነሱ ጉዞ የሒሳብ መዝገብ ጉዳይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከእነሱ በታች ያለው የሰፈርና የትምህርት ቤት ቡድን ነው። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ መጋጠም ለእነዚህ ልጆች 400 ኪሎ ሜትር፣ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀንና ማደሪያ ማለት ነው። ሐረጎን መውረድ ግን የአንድ እሑድ የሚኒባስ ሂሳብ ነው። ራግቢን ለሁለት የከፈለው ጥያቄ በሁለቱ ከተሞች መካከል በመልክዓ ምድር ተመልሷል። በየዓመቱ አንድ የታወቀ በዓል ተመርጦ፣ አንድ ዓመት ደሴ፣ አንድ ዓመት ኮምቦልቻ መመላለስን ልማድ ለማድረግ የሚጎድለው ገንዘብ አይመስለኝም፤ ቀኑን ቆርጦ የሚያውጅ ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይቻላል። ክላውስ 15 ፓውንድ መቀበሉን ከ130 ዓመት በኋላ የምናውቀው ሰው ስለጻፈው ነው። ደመወዝ የማይከፍል ክለብ መዝገብ ቤት የለውም፤ ታሪኩ ያለው በየቤቱ አልበም ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሁለቱም ከተሞች ሲያዙ፣ አልበም ይዞ ለመሸሽ ጊዜ ያገኘ ሰው ስንት ይሆን? ከዚያ የተረፈ የቡድን ፎቶ ያላችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ ፎቶውን ገልብጡትና የልጆቹን ስም በተራ ጻፉበት፤ ዓመቱን፣ የት እንደተጫወታችሁ፣ የመኪናውን የከፈለውንም ሰው ጨምሩበት።