ስለ ፋሲካ እንግዶችና ስለ ቤት መጥበብ የተጻፈ ሐተታ

በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ ፲፪ እግዚአብሔር ሙሴንና አሮንን ስለ ፋሲካው በግ ባዘዛቸው ጊዜ፥ ስለ ደሙና ስለ አጠባበሱ ከመናገሩ በፊት ስለ ቤተ ሰብ ቍጥር ተናገረ። እስራኤል በየአባቶቻቸው ቤት አንድ አንድ ጠቦት እንዲወስዱ፥ ቤተ ሰቡ ለአንድ ጠቦት የማይበቃ ሰው ግን በአጠገቡ የሚኖረውን ጎረቤቱን እንዲጨምር፥ ሰውም ሁሉ በሚበላው መጠን እንዲቈጠር አዘዘ። ይህም በቍጥር ፫ና በቍጥር ፬ ይገኛል። አንባቢ ወደ ደሙና ወደ መቃኑ ለመድረስ ሲቸኵል ይህን ቃል ፈጥኖ ያልፈዋል። ነገር ግን በዓል በደረሰ ጊዜ ዘመድ አዝማድ ቤቱን የሞላበት ባለቤት ሁሉ ቆም ብሎ ሊያነበው የሚገባ ቃል ነው።

ቤተ ሰቡ ቢያንስ ማለት በቍጥር ቢያንስ ማለት ነው። አንድም በሀብት ቢያንስ፥ ጠቦቱን ብቻውን መግዛት ባይችል ማለት ነው ቢሉ ያስኬዳል። ሐተታ፤ በሌላው ድግስ ሁሉ ባለቤቱን የሚያስጨንቀው የእንግዳ መብዛት ነው፤ እንጀራው አይበቃም፥ ምንጣፉ ያንሳል፥ አማቱ የት ይተኛሉ፥ የአጎት ልጆች ከማን ጋራ ይደር ይላል። በዚህ በዓል ግን የሚያሰጋው የሰው ማነስ ነው። ጠቦቱ ተቈራርጦ አይቀቀልም፤ ከራሱና ከእግሩ ከሆድ ዕቃውም ጋራ በእሳት ይጠበሳል፤ ከእርሱም እስከ ነገ ምንም ሊተርፍ አይገባም። በቍጥር ፵፮ ደግሞ በአንድ ቤት እንዲበላ፥ ከሥጋውም ወደ ውጭ እንዳይወጣ ታዝዟል። እንኪያስ ለቀረ ዘመድ በሌማት ይላክለት ማለት አይቻልም፤ ሊበላ የሚወድ ሁሉ ወደ ቤቱ መግባት አለበት። የቤቱ መጥበብ በስሕተት የመጣ ሳይሆን ከሕጉ የተወለደ ነው።

በግብፅ ሳሉ ይህ ሁሉ በየቤቱ ተፈጸመ። ምድረ ርስት ከገቡ በኋላ ግን በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ ፲፮ እንደ ተጻፈ፥ ፋሲካውን እግዚአብሔር በመረጠው ስፍራ እንጂ በየከተማቸው ሊያርዱት አልተፈቀደላቸውም። ስለዚህ ያገሩ ሰው ሁሉ ወደ አንዲቱ ከተማ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣ ነበር። ኢየሩሳሌም በበዓሉ ሰሞን አንድ የጠበበ ቤት ሆነች ቢባል ማጋነን አይደለም።

የእንግዳውን ብዛት ፍላቭዮስ ዮሴፍ ጽፎታል። ይህ ዮሴፍ ሮማውያን ከተማይቱን ሲያጠፉ በዓይኑ ያየ የታሪክ ጸሐፊ ነው፤ ዜና አይሁድ የተባለው መጽሐፍ ከሚሰየምለት ከወልደ ኮርዮን ጋራ ማምታታት አይገባም። እርሱ እንደሚለው፥ የሶርያ ገዥ ሴስጥዮስ ለኔሮን ቄሣር የከተማይቱን ብርታት ለማስታወቅ ወድዶ ካህናቱን ቢያስቈጥራቸው፥ ከ፱ ሰዓት እስከ ፲፩ ሰዓት የታረደው በግ ከ፪፻፶ ሺህ በለጠ። ሰዓቱም እንደ ኢትዮጵያ ልማድ ከጠዋት ጀምሮ የሚቈጠር ነው። ለአንድ በግ የሚቀርበው ሰው ከ፲ አያንስም፥ ብዙ ጊዜም ፳ ይሆናል ይላል። ይህን ያህል ሕዝብ ያች ከተማ ልትይዝ አትችልም ብለው የዛሬ ሊቃውንት ቍጥሩን አይቀበሉትም፤ ልክ ናቸው። ሆኖም ቍጥሩ ቢቀነስም ጭንቁ አይቀነስም።

እንዲህ በጠበበ ቤት እንዴት ይበላ ነበር ቢሉ፥ ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ሥርዓቱን ይነግራል። መጽሐፉ የተሰበሰበው ጌታ ከተወለደ በ፪፻ ዓመት ግድም ነው። ሰው አስቀድሞ በአንድ በግ ማኅበር ይቈጠራል፤ በጉ እስኪታረድ ድረስ ከአንዱ ማኅበር ወጥቶ ወደ ሌላው ሊገባ ይችላል፤ ከታረደ በኋላ ግን አይችልም። ድርሻው ቢያንስ ቢያንስ የወይራ ፍሬ የሚያህል ሥጋ ነው። ይህም ቤት ለጠበበው ባለቤት ታላቅ ዕረፍት ነው፤ እንግዳው አልጠገበም ተብሎ አይታማምና።

ቤት ያላገኙ ሁለት ማኅበሮች በአንድ ቤት ቢገናኙስ? አንዱ ማኅበር ፊቱን ወደዚህ፥ ሁለተኛውም ፊቱን ወደዚያ መልሶ ይበላል፤ ወይን የሚበረዝበት የሙቅ ውኃ ማሰሮ በመካከላቸው ይቀመጣል። አሳላፊው ለሌሎቹ ሊቀዳ በተነሣ ጊዜ ወደ ማኅበሩ እስኪመለስ አፉን ይዘጋል፤ ጕርሻውን በሌላው ማኅበር መካከል እንዳያላምጥ። ሙሽራ ያለች እንደ ሆነ ፊቷን ዘወር አድርጋ ትበላለች። ለሙሽራይቱ ይህ የተፈቀደላት ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ስለምታፍር ነው። ገና ለባሏ ወገን ያልተለማመደች ልጅ ባንድ ሌሊት ስንት የማታውቀው ዓይን ያያታል! ሕግ አዋቂዎቹ ስለ በጉ አጥንት ሲከራከሩ የእርስዋን እፍረት አለመርሳታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። እርሾውን ከየማዕዘኑ የጠረገችው፥ ውኃውን የቀዳችው ምራት ግን ድካሟ በመጽሐፋቸው ብዙ አልተነገረም።

ስለ ማደሪያውም በታልሙድ እንዲህ ይነገራል። ኢየሩሳሌም ለነገድ ሳትከፈል የእስራኤል ሁሉ ርስት ናትና፥ ባለቤት ከበዓል እንግዳ የቤት ኪራይ አይቀበልም። እንግዳው ግን የመሥዋዕቱን ቍርበት ለአሳዳሪው ትቶ ይሄዳል፤ የወይን ማሰሮውንም መተው መልካም ልማድ ነው አሉ። ስለዚህ ባለቤቱ አይነግድም፥ እንግዳውም ባዶ እጁን አይወጣም። በዘመድ መካከል ቂም የሚያገባው ብዙ ጊዜ ይህ ሲጓደል ነው፤ አንዱ ሲሰጥ ሌላው እንደ ዕዳ ተከፋይ ይቀበላል።

ጌታችን ለመጨረሻው እራት በከተማይቱ ደርብ ያለው ቤት ያስጠየቀው በዚሁ ልማድ ነው። በማርቆስ ምዕራፍ ፲፬ና በሉቃስ ምዕራፍ ፳፪ ያ የእንግዳ ማረፊያ በጽርእ ካታሉማ ይባላል። በሉቃስ ምዕራፍ ፪ በቤተ ልሔም ስፍራ አልተገኘበትም የተባለውም ቤት ይኸው ካታሉማ ነው፤ ሳምራዊው ቍስለኛውን የወሰደበት፥ በገንዘብ የሚታደርበት ቤት ግን በሌላ ስም ጰንዶኬዮን ይባላል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሊቃውንት የቤተ ልሔም ሰዎች ጨክነው አላባረሩም፥ የእንግዳው ክፍል በሌላ ሰው ተይዞ ነበር እንጂ ይላሉ። በዚያን ጊዜ የሕዝብ ቈጠራ ሁሉን ወደ ዘመዱ አገር መልሶት ነበርና ይህ ንባብ የሚጣል አይደለም።

በከተማይቱ ውስጥ ያልተቻለው በአጠገቧ ባሉ መንደሮች ያድር ነበር። ጌታችንም በዚያ ሰሞን በቢታንያ አደረ። ዮሐንስ በምዕራፍ ፲፪ ከፋሲካ በፊት በ፮ኛው ቀን እራት አደረጉለት፥ ማርታም ታገለግል ነበር ይላል። በሉቃስ ምዕራፍ ፲ ስለ ሥራ ብዛት ያጕረመረመች ማርታ በዚህ ስፍራ አንዲት ቃል እንኳ ተናገረች አልተባለም።

የዘመድ ብዛት አደጋም አለበት። በሉቃስ ምዕራፍ ፪ ጌታችን የ፲፪ ዓመት ሕፃን ሳለ፥ እመቤታችንና አረጋዊ ዮሴፍ ከበዓሉ ሲመለሱ ከመንገደኞቹ ጋራ ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ በዘመድና በወዳጅ መካከል ፈለጉት። እርሱ በቤተ መቅደስ ተገኘ እንጂ አልጠፋም። ሆኖም ዘመድ በተሰበሰበበት ቤት ልጅ የሁሉ ነው፤ የሁሉ በሆነ ጊዜ አክስቲቱ ከእናቱ ጋራ ነው ትላለች፥ እናቱም ከአክስቱ ጋራ ነው ትላለች፤ ዓይን የሚጥልበት ግን አይኖርም።

ከዚህ የከፋም መጣ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ፸ ዓመት ጥጦስ ኢየሩሳሌምን በከበባት ጊዜ ወራቱ ፋሲካ ነበረ። ዮሴፍ እንደ ጻፈው፥ ለበዓል የመጣው ሕዝብ ሳያስበው በቅጥሩ ውስጥ ተዘጋበት፤ ከመጣበቡ የተነሣ አስቀድሞ ቸነፈር፥ ቀጥሎም ረኃብ ወደቀበት። ለሳምንት የመጣ የአጎት ልጅ የወራት እንግዳ ሆነ፤ አሳዳሪውም የቀረችውን እፍኝ ዱቄት ከማን ጋራ እንደሚካፈላት ማወቅ ነበረበት። በዚያው ዓመት ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ፥ የፋሲካውም በግ በዚያ መታረዱ ቀረ።

ሳምራውያን ዛሬም በገሪዛን ተራራ ያርዳሉ፤ ቤተ እስራኤልም በኢትዮጵያ ሳሉ ያርዱ ነበር። የቀሩት አይሁድ ግን ለመታሰቢያ አንድ የተጠበሰ አጥንት በማዕድ ላይ ያኖራሉ። እራቱም ከመጀመሩ በፊት ባለቤቱ የቂጣውን እንጀራ አሳይቶ የተራበ ሁሉ ገብቶ እንዲበላ፥ የቸገረውም ሁሉ መጥቶ ፋሲካን እንዲያደርግ ይጠራል። ጸሎቱ በዕብራይስጥ ሲሆን ይህ ጥሪ በአራማይክ ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ በዚያን ዘመን በደጅ የሚያልፈው ሰው ሁሉ የሚሰማው ቋንቋ እርሱ ስለ ነበረ ነው ይላሉ።