«ካንሰር ይጋባል እንዴ?» ጤነኛ ልጆች በሽታውን እንዴት ያዩታል?

ሰፈር ውስጥ ካንሰር የያዛት ልጅ ካለች ትልልቆቹ የሚያወሩት ድምፃቸውን ቀንሰው ነው። ስሙን እንኳን አይጠሩትም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ብለው ያልፉታል። ልጆች ግን ይሰማሉ። ያልተነገራቸውን ደግሞ ራሳቸው ይሞሉታል።

በምን? በሚያውቁት። ትንሽ ልጅ የሚያውቀው በሽታ ጉንፋን ነው፤ ጉንፋን ይጋባል። እ.ኤ.አ. በ1980 ቢባስና ዋልሽ የተባሉ አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች፣ ትንንሽ ልጆች ከታማሚ አጠገብ መሆን ብቻ የሚያሳምም እንደሚመስላቸው ጽፈዋል። «ካጠፋህ እግዜር ይቀጣሃል» እየተባለ ያደገ ልጅ ደግሞ «ምን አጥፍታ ነው?» ብሎ ሊያስብ ይችላል።

ቋንቋችንም አላገዘንም። ካንሰርን ነቀርሳ እንለዋለን፤ ቲቢን ደግሞ «የሳንባ ነቀርሳ»። ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል፣ ካንሰር አይተላለፍም። ልጅ ሁለቱን ቢያምታታ ምን ይገርማል? (እኛም እኮ ይምታታብናል።)

ከዚያ ማስኩ አለ። ከኮሮና በኋላ ማስክ ያደረገ ሰው ስናይ «ታሟል፣ ራቅ በል» ነው የሚመጣብን። ኬሞቴራፒ ላይ ያለች ልጅ ግን ማስክ የምታደርገው ከኛ ራሷን ለመጠበቅ ነው። መድኃኒቱ በሽታ የመከላከል አቅሟን ስለሚያዳክም የኛ ቀላል ጉንፋን እሷን ሆስፒታል ሊያስተኛት ይችላል። መፍራት ያለባት እሷ ሆና ሳለ የሚሸሹት ጓደኞቿ ናቸው። ፀጉሯ የረገፈውም በመድኃኒቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል።

ታዲያ ምን እንበላቸው? ለአምስት ዓመት ልጅ ይሄ ይበቃል፦ «ሰውነቷ ውስጥ አንዳንድ ነገሮች ከልክ በላይ መባዛት ጀመሩ። ማንም አላስያዛትም፣ ምንም አላጠፋችም። አብራችሁ ተጫወቱ፤ ጉንፋን ከያዘህ ግን እስኪሻልህ ጠብቅ።»

ከፍ ያለ ልጅ «ትሞታለች?» ይላል። «ኧረ ምንም አትሆንም» ብሎ መሸሽ ቀላል ነው፣ ግን ውሸት ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ካንሰር ከሚይዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች። አንዱ ምክንያት በሽታው ዘግይቶ መታወቁ ነው፤ ሌላው ሕክምናው መሃል ላይ መቋረጡ። ስለዚህ «ሐኪሞች እያከሟት ነው። የሚድኑ ብዙ ልጆች አሉ፣ የማይድኑም አሉ» ማለት ይሻላል።

መምህራን፣ ልጅቷ ወደ ክፍል ከመመለሷ በፊት ለተማሪዎቹ ብታስረዱ ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ እሷንና ወላጆቿን ጠይቁ። ምን እንዲነገርላት፣ ምን እንዲቀር እንደምትፈልግ የምታውቀው እሷ ናት።