አሟሟቱን ያሳመረ ሴል

ደብረ ብርሃን ላይ ለበዓል በግ ሲታረድ ፈርሱ ተደፍቶ አንጀቱ በውኃ ይታጠባል። ያኔ ቀጭኑን አንጀት ገልብጦ ወደ ፀሐይ ያነሣ ሰው የውስጡ ገጽ እንደ ራሰ ከፋይ ሆኖ ያገኘዋል። ከፋይ ያስመሰሉት ጣት መሰል ቡቃያዎች ናቸው፤ የእኛም አንጀት እንዲሁ ነው፣ ቁመታቸው ቢበዛ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የሚያለብሳቸው ነጠላ የሴል ረድፍ ብቻ ነው። ደማችንን ከባክቴሪያው መንጋ የሚለየው አጥር ይኸው ነው።

ሴሎቹ የሚወለዱት ከጣቶቹ ግርጌ ባሉ ጉድጓዶች ነው። ከአልዩ አምባ ገበያ የአንኮበርን ዳገት እንደሚወጣ መንገደኛ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ መንገደኛው ግን ይመለሳል፣ እነሱ አይመለሱም። ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ጫፍ ደርሰው ይረግፋሉ። ጎረቤቶቻቸው ተራው የደረሰውን ጨምቀው ያወጡና ክፍተቱን ወዲያው ይዘጋሉ።

ሽማግሌዎቻችን «አሟሟቴን አሳምርልኝ» ብለው ይጸልያሉ። ሴልም የሚያምር አሟሟት አለው፦ ይኮማተራል፣ ዘረ መሉን ይቆራርጣል፣ ራሱን በትናንሽ ቋጠሮ ይቋጥራል፤ ምንም ሳይፈስ ጎረቤት ይውጠዋል። በ1972 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ የሠሩ 3 ተመራማሪዎች ይህን አፖፕቶሲስ አሉት፤ በግሪክኛ የቅጠል መርገፍ ማለት ነው።

ክሮንስ በሚባለው የአንጀት መቆጣት ሕመም ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። ቲኤንኤፍ የተባለው የሰውነት ደወል ያለ ፋታ ሲጮህ ከሚተካው የሚረግፈው ይበዛል። አንዳንዱ ሴል ደግሞ ኔክሮፕቶሲስ በተባለ ሌላ መንገድ ይሞታል፤ አብጦ ይፈነዳል፣ ሆድ ዕቃው ይዘረገፋል፣ ይህም ደወሉን ያባብሰዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የጀርመን ጥናት ካስፔዝ 8 የተባለው ፕሮቲን የዚህ ሞት ልጓም መሆኑን አሳየ፦ ከአንጀታቸው ሴሎች ልጓሙ የወጣላቸው አይጦች የቀጭኑ አንጀታቸው መጨረሻ ቆሰለ።

በብርዳሟ ደብረ ብርሃን ሆዱን የታመመ ሰው መጀመሪያ «ብርድ መቶኝ ነው» ይላል፣ ቀጥሎ «አሜባ» ይባላል። አሜባውም ቢሆን የዋዛ አይደለም፤ የአንጀትን ሴል በሕይወት ሳለ እየቦጨቀ የሚበላ ፍጡር ነው። ሐኪሙን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን የአንጀት ቲቢ ነው። ቲቢም ክሮንስም ቀጭኑ ከወፍራሙ አንጀት የሚገናኝበትን ቦታ ይወዳሉ፤ በካሜራ ሲታዩም ቁስላቸው ይመሳሰላል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለክሮንስ የሚሰጠው ኢንፍሊክሲማብ ቲኤንኤፍን ዝም ያሰኛል። ነገር ግን የቲቢን ባክቴሪያ ከብቦ የሚያስረውን ግንብ የሚያቆመውም ይኸው ቲኤንኤፍ ነው፤ ዝም ሲል እስረኛው ይፈታል። ስለዚህ ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና ካልለየለት ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የቲቢውን መድኃኒት ያስቀድማል፤ ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላም ቁስሉ መድረቁን በካሜራ ያያል።