ምስክር ወረቀትና መስካሪው

በ2015 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተነገረ ሰሞን፣ አርባ ምንጭ ከሚገኘው ቤቴ አንድ የዶርዜ ሽማግሌ ሊጠይቁኝ መጡ። ሥራቸው ሽመና ነው። በወጣትነታቸው አያሌ ዓመታት አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሠርተው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ ዛሬም ከደጋው ላይ በቤታቸው ጋቢና ቡሉኮ ይሠራሉ። በብብታቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ነበር። ቡና ቀርቦላቸው ጥቂት ከተጫወትን በኋላ ጥቅሉን ፈቱት። በውስጡ የልጃቸው የትምህርት ቤት ካርዶች፣ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ አንድም ሳይጐድል፣ በተራ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከሁሉም በላይ ልጁ በእጅ ስልክ ያየውን የብሔራዊ ፈተና ውጤት የገለበጠባት ቍራጭ ወረቀት ነበረች።

«መምህር፣» አሉኝ፤ «እኔ ፊደል አልቈጠርሁም። ነገር ግን በየዓመቱ ሰኔ ላይ ልጄ ካርዱን ሲያነብልኝ ሰምቻለሁ። እነዚህ ሁሉ ‹ተዛውሯል› ይላሉ። ይህች አንዷ ደግሞ ‹አላለፈም› ትላለች። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው። የትኛው እንደ ሆነ ይንገሩኝ።»

ለጊዜው «አባባ፣ ፈተናው ዘንድሮ ከበድ ብሏል» ብዬ ለማለፍ ሞክሬ ነበር። መልሱ መልስ እንዳልሆነ እርሳቸውም እኔም ዐውቀናል። እውነተኛውን ነገር ለመናገር ያልደፈርሁት ስለ ራሴ የማውቀው ስለ ነበረኝ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ ከክፍሌ የወደቁት ተማሪዎች ቍጥር ከታቀደው በልጧልና ውጤቱን ደግመህ ተመልከተው ተባልሁ። ተመለከትሁት። 41 የነበረውን 50፣ 38 የነበረውንም እንዲሁ 50 አድርጌ መለስሁት። አስገድዶ እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም፤ እስክሪብቶው በእኔ እጅ ነበረ። ያን ዕለት ለነዚያ ልጆች የራራሁላቸው መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የአንድ መምህር ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ባላነሣሁት ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው መፈተናቸው ቀርቶ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ሲፈተኑ፣ የጋሞ ደጋና ቆላ ልጆችም ፍራሽና ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ወደ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ አይተናል። ይህ የሆነበት ምክንያት ፈተናው በየዓመቱ እየተሰረቀና እየተኰረጀ ክብሩን ስላጣ ነበር። ውጤቱም እነሆ፤ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በተከታዩ ዓመት ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ አንድም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ደግሞ 1,328 ደረሱ። በ2016 ዓ.ም. ያለፉት ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆነዋል። ቍጥሩ ከፍ እያለ መሄዱ መልካም ነው። ነገር ግን ከመቶ ልጆች ዘጠና የሚያህሉት አሁንም ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ እያንዳንዳቸውም በሣጥን የተቀመጠ የ«ተዛውሯል» ካርድ አላቸው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የተናገረው ስለ ልጆቹ ስንፍና ነው። እኔ ግን አንድ ስንኳ ካላሳለፈ ትምህርት ቤት የወጣውን ልጅ ሰነፍ ለማለት አፌ አይደፍርም። አንድ ማሳ ሙሉ ያልበቀለ እንደ ሆነ ገበሬው ዘሩን ብቻ አይወቅስም፤ አፈሩንም ዝናሙንም የራሱንም እጅ ይመረምራል።

ትምህርት ቤቶችን የሚመረምር ሥርዓት የለም ማለቴ አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። ከመቶው 25ቱ ለግብዓት፣ 35ቱ ለመማር ማስተማሩ ሂደት፣ 40ው ለውጤት ተሰጥቷል። ክፍፍሉ አያስከፋም። ችግሩ ሪፖርቱ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ሽቅብ ይወጣል እንጂ ከትምህርት ቤቱ በር ውጪ ለቆመው ወላጅ ቍልቍል ሲወርድ እምብዛም አይታይም። ሽማግሌው ልጃቸውን ለሚያስተምረው ትምህርት ቤት የተሰጠው ደረጃ ስንት እንደ ሆነ ሰምተው እንደሚያውቁ ጠየቅኋቸው። «ትምህርት ቤትም ይፈተናል እንዴ?» ብለው በመገረም መለሱልኝ።

የጋሞ ሕዝብ በዚህ ነገር ከሌላ አገር ትምህርት የሚለምን ሕዝብ አልነበረም። ዱቡሻ የተባለው ሸንጎ አለው፤ ሽማግሌዎች በመስኩ ተቀምጠው፣ ተከሳሹም ከሳሹም በሰው ፊት ቆሞ የሚናገርበትና ጥፋተኛው ጥፋቱን በገዛ አፉ የሚያምንበት ቦታ ነው። በ2011 ዓ.ም. መስከረም፣ በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቈጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ እነዚህ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበርክከው እንደ መለሷቸው አገር ሁሉ ያስታውሰዋል። በየትምህርት ቤቱም የወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረት፣ በአጭሩ ወመተህ የሚባል፣ ተቋቍሟል። አሳቡ ከዱቡሻ የራቀ አልነበረም። ዳሩ ግን በአብዛኛው ወላጅ ለወመተህ ስብሰባ የሚጠራው አጥር ሲታጠር፣ ክፍል ሲሠራ፣ መዋጮ ሲያስፈልግ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ «ትምህርት ለትውልድ» በተባለው ንቅናቄ ሕዝቡ ገንዘቡንም ጕልበቱንም ሰጥቷል። ድንጋዩን የተሸከመ ወላጅ ልጁ ማንበብና ማስላት መቻሉን የመጠየቅ መብት አለው፤ ርእሰ መምህሩም በሰው ፊት ቆሞ የመመለስ ግዴታ አለበት።

እኔ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ። «ምስክር» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በዚያ ነው። የድጓ ተማሪ ከመምህሩ ዘንድ ዓመታት ከፈጀ በኋላ ዐወቅሁ ብሎ አይቀመጥም፤ ጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። በዚያ የሚሰሙት መምህራን ያስተማሩት አይደሉም፤ ያዘነለት እንደ ሆነ የሚራሩለት፣ የተቈጡበት እንደ ሆነ የሚጥሉት የሥጋ ዘመዶቹም አይደሉም። ዜማውን ከአፉ ይሰማሉ፤ የሳተውን ያርማሉ፤ ያልበቃውን መልሰው ያስቀጽሉታል። የመሰከሩለት ሰው ደግሞ በሄደበት ደብር ሁሉ የማን ተማሪ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ተማሪው ቢስት የሚያፍረው መምህሩ ጭምር ነው። ይህ ሥርዓት ጕድለት የለውም አልልም፤ አስተማሪውንና መስካሪውን መለየቱ ግን ትልቅ ጥበብ ነው።

ይህን ያነሣሁት ወደ ሙያ ብቃት ምዘና ለመምጣት ነው። ወጣቶቻችን «ሲኦሲ» የሚሉት ምዘና መሠረቱ ያው የቤተልሔም አሳብ ነው። ለያንዳንዱ ሙያ የሙያ ደረጃ ተጽፏል፤ የቧንቧ ሠራተኛው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ የልብስ ሰፊው፣ የምግብ አብሳዩ ምን ምን መሥራት መቻል እንዳለበት ተዘርዝሯል። ሠልጣኙ ኮሌጁ በሰጠው ማርክ ብቻ ብቁ አይባልም። ወደ ምዘና ማዕከል ሄዶ በጽሑፍም በተግባርም ይመዘናል፤ መዛኙም ያስተማረው መምህር መሆን የለበትም። ውጤቱ ከመቶ ይህን ያህል የሚል ቍጥር አይደለም። «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። «ገና» የምትለዋ ቃል ደስ ትለኛለች፤ ወድቋል አትልም፣ ተመልሰህ ተለማመድና ና ትላለች። ከዚህም በላይ ሙያውን በኮሌጅ ሳይሆን ከአባቱ ወይም ከጌታው ዘንድ በሥራ ላይ የተማረ ሰው ራሱ ለምዘና መቅረብ እንዲችል የሥልጠናው ሥርዓት በር ከፍቷል።

ወረቀቱ ግን በራሱ ተአምር አይሠራም። በአገራችን ደንብ የሙያ ሥልጠና ከመቶ 70 እጅ የሚሆነው በድርጅት ውስጥ በሥራ ላይ፣ 30ው በማሠልጠኛው እንዲሰጥ ተወስኗል። አሳቡ ከጀርመን አገር የመጣ ነው፤ በዚያ ሠልጣኙ ከፋብሪካና ከሱቅ ዋሎ ትምህርቱን ሲጨርስ የሚፈትኑት የንግድና የእጅ ሥራ ምክር ቤቶች ናቸው። እኛ ዘንድ ግን 70ውን እጅ የሚቀበል ድርጅት ከወዴት ይገኛል? አርባ ምንጭ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሆቴሎች፣ የሙዝ እርሻ፣ የዓሣ ሥራ አላት፤ ከዚያ አልፎ ወደ ገጠሩ ወረዳ የሄድን እንደ ሆነ ሠልጣኙ አንድ መጥረቢያና አንድ ብየዳ ባለው ቤት ከአሥራ አምስት ጓደኞቹ ጋር ቆሞ ማየት ይሆናል ዕጣው። በአሜሪካም አንዳንድ ክፍላተ አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ተማሪዎቻቸው ባገኙት የሙያ ምስክር ወረቀት ብዛት መመዘን ጀምረው፣ ቀጣሪ የማይጠይቀውና በጥቂት ቀን የሚገኝ ወረቀት እንደ በዛባቸው ይነገራል። ቍጥር ከተፈለገ ቍጥር ይመጣል። እኔ 41ን 50 ሳደርግ ያደረግሁት ይኸንኑ ነው።

ሌላው ችግር ከቤታችን ነው። እስከ 2011 ዓ.ም. በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሳለ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሰናዶ ያልገባው ልጅ ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ይላክ ነበር። እኛም ወላጆችና መምህራን «ሳይሆንለት ቀርቶ ሙያ ገባ» ማለትን ለመድን። ዛሬም ፈተናው ወደ 12ኛ ክፍል ተገፋ እንጂ አነጋገራችን አልተለወጠም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዳይኖር በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ዐዋጁ በየቤታችን ገና አልተሰማም መሰለኝ። በጋሞ ደጋ ሸማኔው ከፍ ያለ ስም ያለው ነው፤ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከሰው ተራ ተለይተው ይታዩ ነበር። ሸማኔው ራሱ ደግሞ ልጁን «ቀለም ተማር፣ እንደ እኔ ጕድጓድ ውስጥ እንዳትቀር» ይላል። ብዙ የጋሞ ልጅ በሕፃንነቱ ከትምህርት ቤት ተነጥሎ ሽሮ ሜዳ ተወስዶ በሰው ቤት ሲሸምን የደረሰበትን ግፍ ያየ ሰው ይህን አባት አይፈርድበትም። ነገር ግን ሙያው በደል የለበትም፤ በደሉ ሕፃኑን ያለ ዕድሜው ማሠራቱ ነው።

ለሽማግሌው ያን ዕለት እውነቱን ነገርኋቸው። «አባባ፣ ውሸቱ ካርዱ ላይ ነው፤ እንደ እኔ ያለ መምህር የጻፈው ነው» አልኋቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ቀጥለውም ልጁ ምን መሥራት እንደሚችል ጠየቅኋቸው። «ከእኔ ጋር ድር ይዘረጋል፤ መወርወሪያ ይጥላል። የቤታችን መብራት ሲበላሽም እርሱ ነው የሚያበጀው» አሉ። ስለ ሁለተኛው በጥቂት ኵራት፣ ስለ መጀመሪያው ግን እንደ ምንም አድርገው ተናገሩ።

ልጁ በዚያ ዓመት ወደ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ገብቶ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ተማረ። የመጀመሪያው ምዘና «ገና ብቁ ያልሆነ» ብሎ መለሰው። የጽሑፉን አልፎ ሲያበቃ በተግባሩ ላይ የመሬት ሽቦውን በትክክል ሳያያይዝ ስለ ቀረ ነበር። ይህን ያህል ነገር ሰው እንደሚገድል መዛኙ ቆሞ አስረዳው። ሦስት ወር ያህል ከአንድ ባለሙያ ጋር ያለ ደመወዝ ሲሠራ ቆይቶ ተመልሶ ተመዘነና ብቁ ተባለ። አሁን በከተማው ቤት እየዞረ መብራት ያስገባል፤ በበዓል ሰሞን ሥራ ሲበዛ ደግሞ ከአባቱ ጋር ጋቢ ይሠራል።

ሽማግሌው ወረቀቱን ሊያሳዩኝ ዳግመኛ መጡ። ስለ ማኅተሙም ስለ ፊርማውም አልጠየቁም። የጠየቁት ሌላ ነው።

«ሽቦውን ሰጥተው አሠሩት?»

«አዎን፣ አባባ።»

«ሲሠራ ቆመው አዩት?»

«አዎን።»

«ሲሳሳት መለሱት፤» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። «እኔም እንዲሁ ነው ሽመናን የተማርሁት። አባቴ ሳተ ያለውን ድር በመላ ይፈታብኝ ነበር።»

የድሮዎቹን ካርዶች ምን እንዳደረጓቸው ጠየቅኋቸው። በዚያው ጋዜጣ ጠቅልለው ከሣጥን ውስጥ እንዳስቀመጧቸው፣ የሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ሲጠራም ለርእሰ መምህሩ ይዘውላቸው እንደሚሄዱ ነገሩኝ።